«ጊቭ» የሚሉት ግስ አምበር ላይ ያደረሰብኝ

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ይህን ሁሉ ዘመን ስለ እንግሊዝኛ ሳወራ ኖሬ፣ ከእንግሊዝኛ ጋር ፊት ለፊት ግን ተገናኝተን አናውቅም ነበር። ቋንቋውን ያስተማሩኝ የጎጃም ሰዎች ናቸው፤ እነሱንም ያስተማሯቸው የጎጃም ሰዎች ናቸው፤ እኔም የማስተምረው የጎጃም ልጆችን ነው። በዚህ ሁሉ መሃል በቋንቋው ተወልዶ፣ በቋንቋው አልቅሶ ያደገ ሰው ገብቶብን አያውቅም። እርስ በርሳችን ስንነጋገር ደግሞ በደንብ እንግባባለን። ስለዚህ እችላለሁ ብዬ ተረጋግቼ ነበር የምኖረው። ባለቤቴም እንደምችል ታምናለች፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ የማነብላት እኔ ነኝና።

ጎረቤቴ ስማቸው ባጃጅ ይነዳል። የአምበር ልጅ ነው፤ እናቱም አጎቱም እዚያው ናቸው። ወሬ የማይጠፋበት ሰው ነው፤ ስለ መንገድ ብትጠይቁት ስለ ጤፍ፣ ስለ ጤፍ ብትጠይቁት ስለ መንግሥት የሚመልስ ዓይነት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ቤቴ መጣና ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ዝም አለ። እኔም የታመመ መስሎኝ ውሃ አመጣሁለት። በመጨረሻ ታናሽ እህት እንዳለችው ነገረኝ።

ያን ያህል ዓመት ጎረቤት ሆነን እህት አለችኝ ብሎ አያውቅም። ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጅቱ ገና ጡት ሳትጥል አባታቸው ሞቱ። እናቱ እትዬ ይታይሽ በሐዘኑ ላይ ታመው አልጋ ያዙ። ዘመዱም ያኔ ለራሱ አልሆነም። የሕፃናት ድርጅት ሰዎች መጡና፣ አየርላንድ የምትኖር ልጅ ያልወለደች ሴት አለች፣ እሷ ታሳድግልዎ ብለው ወሰዷት። እናትየው ከጊዜ በኋላ ተሻላቸው፤ ልጅቱ ግን ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ስሟ ቤት ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። አሁን አድጋ፣ ራሷ አፈላልጋ፣ በሰው በሰው ወንድሟን ስማቸውን አግኝታ፣ እናቷን ልታይ መምጣቷ ነው።

«አማርኛ አንድ ቃል የላትም» አለኝ። «እኛም እንግሊዝኛ የለንም። በመካከላችን ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።»

እንዲህ ተብሎ እምቢ የሚል አስተማሪ አላየሁም። እኔም አላልኩም።

ስሟ ምንታምር ነው። አየርላንዶቹ ስሙን አፋቸው ስላልቻለው ቆርጠው ሚንት ብለዋታል። ሚንት ማለት ናና ማለት እንደሆነ፣ ያው ሻይ ውስጥ የሚገባው፣ ለስማቸው ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ክፉ አይደለም አለ። ሳንቲም የሚሠራበት ቤትም ሚንት እንደሚባል ልጨምርለት ስል ናናው ይበቃናል ብሎ አስቆመኝ። ያኔውኑ ልብ ማለት ነበረብኝ። የአንድን ሰው ስም ሻይ ቤትም ሳንቲም ቤትም የሚያስገባ ቋንቋ ይዤ ነበር የእናትና የልጅ ነገር ውስጥ ልገባ የተነሳሁት።

ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጀሁ። መዝገበ ቃላት አገላብጬ ለእንዲህ ያለ ቀን ይመጥናሉ ያልኳቸውን ረጃጅም ቃላት መረጥኩ። እህል ስትለቅም የነበረችው ባለቤቴ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ስለማመድ ሰምታ፣ ሰው ሲያለቅስ ረጅም ቃል የሚናገረው የት ሀገር ነው ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ አልወደድኩትም። ትክክል እንደነበረች ያወቅሁት በኋላ ነው።

ምንታምር ከአዲስ አበባ መጥታ ደብረ ማርቆስ አደረች። አውቶቡሱ አምበርን አልፎ ነው ያመጣት፤ ሳታውቅ እናቷን በመስኮት በኩል አልፋለች። ጠዋት ከስማቸው ጋር ሆቴሉ በር ላይ አገኘናት። ረጅም ናት፤ ግንባሯ የስማቸው ግንባር ነው፣ ቁርጥ። እሱ አቅፏት ሲያለቅስ እኔ ሻንጣዋን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ወደ አምበር ጉዞ ጀመርን።

ስማቸው ጉሮሮውን ጠረገና፣ እንዴት ናት በልልኝ አለኝ። አልኩለት። እሷም ፈገግ ብላ «ግራንድ» አለች።

ግራንድ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ታላቅ ማለት ነው። «ታላቅ ነኝ ትላለች» አልኩት።

ስማቸው ግራ ገባው። «የለም መምህር፣ ታላቋስ እኔ ነኝ። እሷ ስትወለድ እኔ ከብት እጠብቅ ነበር። ምናልባት አሳስተው ነግረዋት ይሆናል፣ አስረዳልኝ።»

እኔም ታላቅየው እሱ መሆኑን በጥንቃቄ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር አስረዳኋት። እሷም በትህትና ሰምታ ጨረሰችና አሁንም «ግራንድ» አለች። ስማቸው ግትር መሆኗን አይቶ፣ ይህስ ከአባታችን ነው፣ ተወው አለ። በኋላ ነው የገባኝ፤ በእነሱ ሀገር ግራንድ ማለት ደህና ማለት ነው። ደህና ነኝ ሲሉ ግራንድ፣ እሺ ሲሉ ግራንድ፣ ሻይ ልድገምሽ ሲሏት አይ ይበቃኛል ለማለትም ግራንድ። ይህን የሚያክል ቃል እንዲህ ላለ ተራ ሥራ ያውሉታል።

አምበር ስንደርስ እትዬ ይታይሽ በራፉ ላይ ቆመው ነበር። ቀጭን ናቸው፤ ነጠላቸውን አጥብቀው ተከናንበዋል። ወደ እኛ አልመጡም፤ የመጡ እንደሆነ የምትጠፋ የመሰላቸው ይመስል እዚያው እንደቆሙ ጠበቁ። ልጅቱ ሄደች። ተቃቀፉና ብዙ ቆዩ። ለዚያ አስተርጓሚ አላስፈለገም። ለእኔ የዕለቱ ምርጥ ሰዓት እሱ ነበር፤ ምንም አላጠፋሁም።

ከዚያ ቤት ገብተን ተቀመጥን። የእናትየው ወንድም አያ ሙላት አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ የሚያስታርቁት ጠብ ከመንደሩ አልፎ እስከ ሉማሜ እንደሚደርስ ሰምቻለሁ። የሰው ንግግር ሲመዝኑ አንድ ዓይናቸውን ጠበብ ያደርጋሉ።

ምንታምር የእናቷን እጅ ይዛ ስለተገናኘን ደስ ብሎኛል የሚል ቃል ተናገረች። እኔም እንደ ወጉ «እርስዎን በማግኘቴ በጣም ደስ ብሎኛል» ብዬ ተረጎምኩ።

የእትዬ ይታይሽ እጅ ላላ። ፊታቸውን ዝቅ አደረጉ። «እርስዎ አለችኝ?» አሉ። ቀጠሉና ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ ልክ ናት፣ ምን አድርጌላት ነው አንቺ የምትለኝ አሉ።

ስማቸው ክፉኛ አየኝ። እሱ እናቱን አንቺ ነው የሚላት፤ በዚያ ቤት እርስዎ የሚባለው እንግዳና ሽማግሌ ነው። እኔ ታዲያ አክብሮት ጨምሬ የእናትን ልጅ እንግዳ አደረግኋት። ማስረዳት ጀመርኩ። እንግሊዝኛ «ዩ» የሚባል አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ አንተም አንቺም እርስዎም እናንተም እሱው ነው፤ ልጅቱ ያለችው ዩ ነው፣ እርስዎን የመረጥኩት እኔ ነኝ አልኩ።

አያ ሙላት ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። ለውሻም ለንጉሥም ያው አንድ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ለእግዚአብሔርስ አሉ። ለእሱም ያው ነው አልኩ። ታዲያ ሲጣሉና ሲታረቁ በምን ይለያል አሉ። ይህን ጥያቄ ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።  እርስዎ ሲሉት የኖሩትን ሰው አንድ ቀን አንተ ብሎ ማዋረድ፣ ወይም አንቺ ብሎ ማቅረብ የማይቻልበት ቋንቋ ውስጥ ሰው ቂሙንና ፍቅሩን የት ያስቀምጠዋል?

ብቻ ከዚያ በኋላ ዩ ባለች ቁጥር አንቺ እያልኩ ቀጠልኩ፤ የእናትየውም እጅ መልሶ ጠበቀ።

እትዬ ይታይሽ የዚያን ዘመን ነገር ተረኩላት። ባላቸው እንዴት እንደሞቱ፣ ጡታቸው እንዴት እንደደረቀ፣ ሰዎቹ ሲወስዷት ከአልጋ ሆነው ጀርባዋን ብቻ እንዳዩ። ይህን በደህና ተረጎምኩ፤ ሐዘን ለመተርጎም ይቀላል፣ አጫጭር ነው። ልጅቱ ሰምታ ስታበቃ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «አይ አም ሶሪ» አለች። እኔም «ይቅርታ አድርጊልኝ ትላለች» አልኩ።

እናትየው ከመቀመጫቸው ተነሱ። «እሷ ምን በድላኝ?» ብለው እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ስማቸው ያዛቸው። አዝናለሁ ማለቷ ነው፣ አዝናለሁ ነው ያለችው እያልኩ በመካከላቸው ገባሁ። ለካ እነዚያ ሰዎች የሰው እግር ሲረግጡም፣ የሰው አባት ሲሞትም የሚሉት አንድ ቃል ነው፤ የቱ እንደሆነ ፊታቸውን አይቶ መለየት የሰሚው ፋንታ ነው። እኔ ደግሞ የማየው ፊቷን ሳይሆን ቃሏን ነበር።

አያ ሙላት ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህን ቋንቋ ካወቅኸው ቆይቷል ወይ አሉኝ። ቆይቷል አልኩ፤ ሥራዬ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አለማመናቸውን እንደ ሽማግሌ ነበር የገለጹት፣ ሰው ሳያዋርዱ።

ምሳ ቀረበ፤ ነገሩም ረገበ። ምንታምር ወጡ ዓይኗን እያስለቀሳት ትበላለች፤ ዘመዶቿ ሁሉ እሷ ስትጎርስ አብረው ይውጣሉ። እናትየው ግን ልባቸው ውስጥ ያለ አንድ ጥያቄ አላስበላቸውም። ቆይተው ቆይተው፣ ያቺ ያሳደገቻት ሴት እንዴት እንደነበረች እንድጠይቅላቸው ነገሩኝ። ሲናገሩ የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ ነበር። ጠየቅሁላቸው።

ልጅቱ አሳዳጊ እናቷን ስታስታውስ ፊቷ በራ። ሳቅ ብላ፣ «ማም ዎዝ ኦልዌይስ ጊቪንግ አውት ቱ ሚ» አለች።

እዚህ ላይ ስለ ጊቭ ትንሽ ልበል። ጊቭ መስጠት ነው። ግን ከኋላው ትንንሽ ጭራ ይቀጠልለታል። አፕ ሲቀጠልለት ተስፋ መቁረጥ ይሆናል፤ ኢን ሲቀጠልለት መሸነፍ፤ አዌይ ሲቀጠልለት በነፃ መስጠት፤ አውት ሲቀጠልለት ማደል። ፈተና ሲደርስ ወረቀቱን ጊቭ አውት የማደርገው እኔው ነኝ። ተማሪዎቼ መምህር፣ መስጠት እንዴት ሆኖ ነው ተስፋ መቁረጥ የሆነው ብለው ሲጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፤ አትመራመሩ፣ ሸምድዱ። ስለዚህ ጊቭ አውትን ሳውቀው የኖርኩት ነው። ዓረፍተ ነገሯ መጨረሻ ላይ ያለችው «ቱ ሚ» ግን ቦታዋ አልመሰለኝም። ሰዋሰው ላይ ስታ ነው ብዬ በልቤ አረምኩላት። ልብ በሉ፤ በቋንቋው የተወለደችውን እኔ አረምኳት። ካረምኩም በኋላ ተረጎምኩ።

«እናቷ ሁልጊዜ ለሰው ትሰጣት ነበር።»

 ስማቸው ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ። አያ ሙላት ለማን ለማን አሉ። እኔ እንጃ፣ ሁልጊዜ ነው የምትለው አልኩ። ከሁሉ የከፋው ልጅቱ ገና ፈገግ እንዳለች መሆኗ ነበር። ክፉ ነገር ለምዳ ለምዳ የምትስቅ ነው የመሰለችው።

እትዬ ይታይሽ ጣታቸው ላይ የጠቀለሉትን የነጠላ ጫፍ ለቀቁት። «ለአንዲት እናት ነው የሰጠኋት» አሉ። «ለአንዲት እናት ብለውኝ ነው።» ከዚያ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ከኋላቸው ያለውን መጋረጃ ሳብ አደረጉት።

ያን መጋረጃ እስከዛሬ አልረሳሁትም። ሴትየዋ ይህን ሁሉ ዓመት አንዲት ማጽናኛ ነበረቻቸው፤ ልጄ ሰው ቤት አለች የምትል። እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነጠቅኋቸው።

ምንታምር አሁን ነገር መኖሩ ገባት። ምን አልኩ አለችኝ። እኔም የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነማን እንደነበሩ፣ ስንት ቤት እንደዞረች በሐዘኔታ ጠየቅኋት። የምን ቤት አለች። እናትሽ የሰጠችሽ አልኩ። አፏን ከፍታ አየችኝ። እናቷ ለማንም ሰጥታት እንደማታውቅ፣ ከአንድ ቤት በቀር የትም እንዳላደገች ነገረችኝ። ታዲያ ጊቪንግ አውት ምንድን ነው አልኳት፤ አስተማሪው እኔ መሆኔ ቀርቶ።

በቃል ልታስረዳኝ ሞከረች፤ ተደናግጣ ነበርና በፍጥነት ተናገረች፣ እኔም አልያዝኩትም። በመጨረሻ ተነሳች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። አንድ ጣቷን ወደ ስማቸው ቀስራ፣ ድምጿን እንደ አሮጊት አወፍራ፣ ወረደችበት። ጫማውን አሳየችው፤ ፀጉሩን አሳየችው፤ ያልጨረሰውን ምግብ አሳየችው፤ ወደ በሩ እያመለከተች፣ ወደ ፀሐዩ እያመለከተች፣ እስካሁን የት ነበርክ የሚል ነገር አዥጎደጎደችበት። አንድም ቃል የገባው ሰው አልነበረም። ያልገባውም ሰው አልነበረም። ስማቸው ሳያስበው እግሩን ሰብስቦ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ቁጣ ነው እንዴ?» አለ። «የእኛዋ እናት እኮ ናት ይቺ።»

መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ ይታይሽ ቆመው ልጃቸውን እያዩ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ትቆጣት ነበር ማለት ነው ወይ አሉኝ። አዎ፣ ትቆጣኝ ነበር ነው ያለችው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። በምን በምን ነበር የምትቆጣት አሉ። ጠየቅሁ፤ አሁን ግን እያንዳንዱን ቃል ይህ ነው ወይ፣ እንዲህ ማለትሽ ነው ወይ እያልኩ። ፀጉሯን ሳታደርቅ ብርድ ላይ ስትወጣ። ምግብ ስታስተርፍ። ሲመሽ ሳትደውል ስትቀር። ለአስተማሪ ስትመልስ።

እናትየው መጥተው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ተመስገን» አሉ። «የሚቆጣት ሰው ነበራት።»

 ከዚያም ቀጠሉ፤ ለእኛ ብለው አይመስለኝም። ራሳቸው እናታቸው ሞተውባቸው ዘመድ ቤት ነው ያደጉት። ይበላሉ፣ ይለብሳሉ፣ ማንም አልመታቸውም፤ ግን የሚቆጣቸው አልነበረም። የቤቱ ልጆች ዕቃ ሲሰብሩ ይጮህባቸዋል፤ እሳቸው ሲሰብሩ ዝም ብለው ያዩዋቸውና ስብርባሪውን ይለቅማሉ። የእኛ አለመሆኔን ያወቅሁት በዚያ ነው አሉ። ልጃቸው ርቃ ሳለች የፈሩት ረሃቡን አልነበረም፤ ያን ዝምታ ነበር።

ይህን ለልጅቱ መተርጎም ነበረብኝ። ረጃጅሞቹን ቃላት አንዳቸውንም አላስታወስኳቸውም። በአጫጭሩ ነገርኳት፤ ስትሰማ ቆይታ ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች።

እኔ ወጣ ብዬ አጥሩ ጥግ ቆምኩ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከማዶ ያልታጨደው ጤፍ ይተኛል ይነሳል። አያ ሙላት ተከትለውኝ መጡ። የሚገስጹኝ መስሎኝ ተዘጋጀሁ። እሳቸው ግን በሽምግልና ዘመናቸው ብዙ ጠብ ያዩት በአማርኛና በአማርኛ መካከል መሆኑን ነገሩኝ። አንድ ወንድም እህል ስጠኝ ሲል ሌላው መሬቴን ስጠኝ ያለ እየመሰለው፣ በዚያው ተለያይተው የቀሩ አሉ አሉ። አንተስ መልሰህ ጠየቅህ ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉና ገቡ። ይህን ምስጋና ነው ወይስ ማስተዛዘኛ ብዬ አሁንም ድረስ አስበዋለሁ፤ ከአያ ሙላት አነጋገር ሁለቱን መለየት ከጊቭ አውት አይቀልም።

ልንሄድ ስንል የልጅቱ ስልክ ጠራ። ያሳደገቻት እናት ነበረች። ምስሉ ቆረጥ ቀጠል እያለ መጣ፤ ቀይ ፊት፣ ነጭ ፀጉር፣ ከኋላዋ ዝናብ የሚወርድበት መስኮት። ምንታምር ስልኩን ለእትዬ ይታይሽ ሰጠቻቸው። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሁለቱም ሊናገሩ ጀመሩና ሁለቱም ተዉት። እትዬ ይታይሽ ግራ ገብቷቸው የስልኩን መስታወት በመዳፋቸው አበስ አደረጉት፤ የሴትየዋን ጉንጭ ይሁን እንባዋን እንጃ።

ከዚያ ሴትየዋ አንድ ነገር ተናገረች። አጭር ነበር፤ «ማይንድ አወር ገርል» የሚል።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን አልቸኮልኩም። ማይንድ አእምሮ ነው፤ ማይንድ ቅር መሰኘትም ነው፤ ውሻ ያለበት ግቢ በር ላይ ሲጻፍ ደግሞ ተጠንቀቅ ነው። ከእነዚህ በአንዱ የዚያን ቤት ሰላም እንደገና ላፈርስ እችል ነበር። ወደ ምንታምር ጠጋ ብዬ፣ እናትሽ ማይንድ ስትል ምን ማለቷ ነው አልኳት። መጠበቅ ነው አለች፤ የሚወዱትን ለሌላ ሰው ትቶ ሲሄዱ የሚባል ነው።

ለዚህ እንኳ ቃል አለን።

የቀረችው አወር ነበረች። ልጃችን ስትል የማንና የማን ማለቷ ነው? የእሷና የቤተሰቧ ነው? ወይስ የእሷና የእኚህ፣ እዚህ አምበር ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው የቆሙት ሴት? ይህንንም ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት። እንግሊዝኛው አይለየውም፤ አማርኛውም አይለየውም። ከጠዋት ጀምሮ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ቆሜ ስመርጥ፣ ስመርጥም ስሳሳት ነው የዋልኩት፤ እዚህች ላይ ግን ምንም መምረጥ አላስፈለገኝም።

«ልጃችንን አደራ ትላለች» አልኳቸው።

እትዬ ይታይሽ ስልኩን ወደ ፊታቸው አቀረቡት። አደራውን መቀበላቸውን በአንገታቸው ነገሯት። ከዚያ ከተናገርኩት ሁሉ አንዷን ቃል ብቻ መርጠው፣ ቀስ ብለው፣ ለሴትየዋ መለሱላት።

«ልጃችን» አሏት።